በእናቱ ጉድጓድ የተተከለ ኮክ

ሰኔ 4

ለውድ ልጄ፣ ለኮክ መራጯ፣

ባለሽበት ጤና ይክበብሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ፤ አለቃሽም ደግ ይሁንልሽ። ስለ እኔ አታስቢ። ከእኔ ጋር የተጣላው ጆሮዬ ብቻ ነው። ስልክ ስትደውዪ የሚሰማኝ ወንፊት ላይ እንደሚንገዋለል ጠጠር ስለሆነ የምመልሰው በግምት ነው። ባለፈው «አሞኝ ሰነበትኩ» ስትዪኝ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ እንነጋገር። ወረቀት ቢያንስ አያንሾካሹክም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አሮጌዎቹን የኮክ ዛፎች ካቻምና እንደቆረጥናቸው ታውቂያለሽ። አርጅተው ፍሬያቸው ከቆዳና ከፍሬ ዘር በቀር ሥጋ አልነበረውም። የቤታችንንም ደንብ ታውቂያለሽ፤ አያትሽ «ልጅ በእናቱ ቦታ» ይል ነበር። ግንዷን ቆርጠን፣ ሥሯን ለልጇ ስንቅ እንዲሆን እዚያው መሬት ውስጥ ትተን፣ ከራሷ ፍሬ የበቀለውን ችግኝ በራሷ ጉድጓድ እንተክላለን። ወንድምሽ ካቻምና ተከለ፤ ደረቀ። አምና ተከለ፤ የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ሆኖ፣ ከጉልበት ሳያልፍ ያም ደረቀ። ውሃ አልጎደለም፤ ፍግ አልጎደለም። ታዲያ ምን ጎደለ? እጅ ነው የጎደለው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ።

ይህንኑ ባለፈው ሳምንት ጎረቤት በተሰበሰበበት ነገርኩት። «አንተ የነካኸው ይደርቃል» አልኩት። አካፋውን አጠበ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ ገባ። እውነቱን መንገር የአባት ሥራ ነው፤ እንዳትቆጪኝ። ግንበኛው ጎረቤታችን እንኳ ከእኛው ችግኝ ወስዶ በአጥሩ ጥግ ያቆማቸው ሁለት ኮኮች ወገቡ ደርሰዋል። ድንጋይ ሲጠርብ የሚውል ሰው የተሳካለትን፣ ኮክ ሥር ተወልዶ ያደገ ልጅ ሲያቅተው ሰው ምን ይላል?

በሐምሌ ሦስተኛውን እንተክላለን። ይህም ካልያዘ ቦታውን ለግንበኛው የጡብ መከመሪያ አከራየዋለሁ። ሌላ መላ አልታየኝም።

ከተመቸሽ ለእኔ ቅርንጫፍ መቁረጫ መጋዝ፣ ለወንድምሽ ደግሞ የሥራ ቦት ጫማ ላኪ። ቁጥሩ አርባ አራት ነው። እናትሽ ነፍሷን ይማርና ሰንበሌጥ ብላ ስም ስታወጣለት እግሩን አላየችም መሰለኝ።

አባትሽ


ሐምሌ 9

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ጉልበትዎ ይጽና፤ ጆሮዎም ይታረቅዎት፤ የቤታችን ጣሪያ ክረምቱን ይቻለው። እኔ ደህና ነኝ። የኮክ ወቅት ስለሆነ ማሸጊያ ቤቱ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። ኮኩ በረጅም ተንቀሳቃሽ ላስቲክ ላይ ተሰልፎ በፊቴ ያልፋል፤ የተቀጠቀጠውን፣ ወፍ የነካውን፣ ያልበሰለውን እለቅማለሁ። የልጣጩ ጸጉር በጓንቱ ውስጥ እየገባ ክንዴን እስከ ክርኔ ያሳክከኛል። የአባቴን ኮክ ሸሽቼ የሰው ኮክ እጅ ላይ ወደቅኩ ብዬ ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀችብኝ።

አባባ፣ «እንዳትቆጪኝ» ብለው ከጻፉ የሚያስቆጣ ነገር እንደሠሩ ያውቃሉ ማለት ነው። ስለዚህ ልቆጣ። ሰንበሌጥ እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ የተባለውን ያምናል። ልጅ ሆኖ የኮክ ፍሬ ዘር ሲውጥ እናቴ ለቀልድ «በል እንግዲህ፣ ሆድህ ውስጥ ይበቅላል» ብትለው፣ ውሃ ካገኘ ይበቅላል ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣም ያለውን ረሱት? እኛ ስንስቅ እሱ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። አሁን በጎረቤት ፊት እጅህ ደረቅ ነው ሲሉት እንዴት አድርጎ እንደያዘው ያስቡት። ያ ልጅ እኮ እርስዎን ብቻዎን ላለመተው ብሎ ነው ከአትክልቱ ጋር የቀረው። እኔ ስወጣ ማን ይቅር ስንባባል «እኔ ልቅር፣ እኔ ዛፎቹን አውቃቸዋለሁ» ያለው እሱ ነው።

ሁለት ዓመት በተከታታይ አንድ ቦታ ሲደርቅ ነገሩ የእጅ ብቻ አይመስለኝም። ወደዚህ ኮክ የሚያመጣ አንድ የአትክልት ኃላፊ አለ፤ በቦቱ ጭቃ ወለሉን ስለሚያበላሽ የጽዳት ሴቶቹ ጭቃው ይሉታል። ጓደኛዬ ቋንቋውን አጥርታ ስለምታውቅ እጠይቀዋለሁ። የደረቀውን ነቅለው ሥሩ ምን እንደሚመስል ይጻፉልኝ። መጋዙንና ቦቱን ደመወዝ ስቀበል እገዛለሁ።

እስከዚያው ለወንድሜ አንድ ጥሩ ቃል ይስጡልኝ። አንድ ቃል ይበቃዋል።

ልጅዎ


ነሐሴ 20

ለልጄ፣

ጤናሽን፣ ቀለብሽን፣ እንቅልፍሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዝናቡ ደህና ነው። ሦስተኛው ተተክሏል።

የአምናውን ነቅዬ አየሁት። የሥሩ ጫፍ ጠቁሮ አጥሯል፤ እንደ ተቆረጠ ጣት። ሲያሸቱት የኮክ ፍሬ ዘር ሲሰበር የሚሸተው ዓይነት መራራ ሽታ አለው። ከዚህ የምታገኚው ነገር ካለ እሰየው።

ቦት ጫማውን ለጊዜው ተዪው። ገዝተሽ ከሆነ መልሺው፤ የድሮው ይበቃል። መጋዙም ይቅር፤ ገንዘብሽን ለራስሽ አድርጊው። ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል። ብዙ እንደማያወራ ታውቂዋለሽ።

አባትሽ


መስከረም 28

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ዕድሜና ጤና አብረው ይስጥዎ፤ አንዱ ያለ አንዱ ምን ያደርጋል። መልሴ የዘገየው እጄ ቆስሎ ስለነበረ ነው። ላስቲኩ ጓንቴን ይዞ ጎተተኝ። አጥንት አልነካም፤ ብቻ ከሥራ ቀርቼ ክፍሌ ውስጥ ሰነበትኩ። ክፍሌ ከጣሪያ ሥር ናት፤ መስኮቷ ከሰማይ በቀር ምንም አያሳይም። ሰው ብቻውን ሲታመም ግድግዳው ይቀርባል አባባ። ከቤት አንድ ጥሩ ወሬ ብሰማ ብዬ አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም።

አሁን ግን እኔው ጥሩ ወሬ ይዣለሁ። ጭቃውን ጠየቅኩት። የሥሩን ነገር የጻፉልኝን ጓደኛዬ ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ኮክ በሞተበት ኮክ እንተክላለን ስትለው፣ ደግሞም ሥሩን ለስንቅ እንተዋለን ስትለው ሳቁን አቆመ። ከዚያ አንድ የኮክ ፍሬ ዘር በጫማው ረግጦ ሰበረና ውስጡን ቅመሺ አለኝ። ምሬቱን ያውቁታል። ያ መራራ ነገር በሥሩም ውስጥ አለ አለኝ። ዛፉ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሞቱ ሥሮቹ እዚያው ይበሰብሳሉ፤ ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ የቀረው ሥር በሙሉ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ያ ምሬት መርዝ ሆኖ ይለቀቃል፤ አፈሩ ውስጥም ይከማቻል። አሮጌውን ሥር ለምደው የኖሩ ዓይን የማያያቸው ተባዮችም ከመርዙ ጋር አብረው ይጠብቃሉ። ትልቅ ዛፍ ይችለዋል። ለጋ ሥር ግን አይችለውም፤ ጫፉ ጠቁሮ ይቀራል። እህል ቢዘሩበት ወይ ባቄላ፣ ምንም አይሆንም። የሚጨክነው በራሱ ዘር ላይ ነው።

አባባ፣ ስንቅ ብለን የተውንላቸው ሥር ነው የገደላቸው። መላው ሥሩን ቆፍሮ ማውጣት፣ አፈሩን ገልብጦ ለፀሐይ መስጠት፣ ጥቂት ዓመት ሌላ እህል እየዘሩ ማሳረፍ ነው። መጠበቅ ካልተቻለ ኮክ ያልነካው መሬት ላይ መትከል። በአጥሩ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ይበቃል።

እንግዲህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የሆነብን። የአፈሩን በደል ሰንበሌጥ ላይ ለከክን። ይህን ደብዳቤ ለእሱ ጮክ ብለው ያንብቡለት። እርስዎ ራስዎ ያንብቡለት እንጂ እንካ ብለው አይስጡት፤ ከእርስዎ አፍ ሲሰማው ነው የሚያምነው።

ቦቱን ልኬዋለሁ፤ የነሐሴ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከላክሁ በኋላ ነው። ሲለካው ምን እንዳለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥር 15

ለልጄ፣

እንኳን ቁስልሽ ዳነልሽ። ያቺ እጅ ደግማ ክፉ አይንካት። ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጥሩ ወሬ ፈልገሽ ነበር፤ እንኪ። ችግኞቹ ይዘዋል። አንድም አልጎደለም። ቅጠላቸው ለምልሞ ለዓይን ያሳሳል፤ ግንበኛው ሳይቀር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያያቸው ያረፍዳል። ያ ጭቃው የምትዪው ሰውዬ የራሱን ጭቃ ይወቅ፤ የእኛ መሬት የሚያውቀው እኛን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትዪኝ ይሆናል። በይኝ፤ ኮኮቹ ግን ቆመዋል።

ቦቱ ደርሷል፤ ልኩ ነው። ወንድምሽ ደህና ነው። አሁን አልቅሰሽ እንዳትጽፊልኝ። ደስ ብሎሽ ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ። ምንም አትላኪ።

አባትሽ


የካቲት 22

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

የዘሩት ሁሉ ይብቀልልዎ ብዬ ልመርቅ ስል ለካ በቅሎልዎታል። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ጓደኛዬ ምን አገኘሽ እስክትለኝ ሳቅሁ። ጭቃውንም ተሳስተሃል አልኩት፤ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። በዕድሜዬ ሰው ተሳስቶልኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ባለፈው እሑድ ሰንበሌጥ ደወለልኝ። ከኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ፣ መኪና ሲያጓራ ይሰማል። ለገበያ ከተማ ወጥቶ ይሆናል አልኩ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ቆሰለው እጄ ምንም የሰማ አይመስልም። ከዚያ ቆየት ብሎ «የዘንድሮዎቹ ያዙ?» አለኝ። በደጃፍህ ያለውን ከእኔ ትጠይቃለህ እንዴ ልለው ነበር፤ ደግሞ ተኮራርፋችሁ ነው ብዬ ተውኩት። ደስ እንዲለው ብዬ የጻፉልኝን ቃል በቃል ነገርኩት፤ አንድም አልጎደለም፣ ለምልመዋል፣ ግንበኛው እንኳ ሲያያቸው ያረፍዳል አልኩት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለኝ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ «እውነትም እጄ ነበር ማለት ነው» አለ። ምን ማለትህ ነው፣ አባባ ስለ አፈሩ አላነበበልህም እንዴ ብዬ ስጀምር ዘግቶት ነበር። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም።

አባባ፣ ደብዳቤዬን አንብበውለታል? ችግኞቹን ራሱ ተክሎ ከያዙለት ለምን እጄ ነበር ይላል? ቦቱን ሲለካ ምን እንዳለም አልጻፉልኝም። ሰንበሌጥ የት ነው ያለው?

ልጅዎ


መጋቢት 19

ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ሰላምታ የሚሰጥ ሰላም ያለው ነው።

ወንድምሽ እዚህ የለም። የሄደው በሐምሌ ነው፤ ያ የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ። ስነሣ አልጋው ተነጥፏል፤ አካፋው ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ከልብሱ በቀር የወሰደው የለም። ለግንበኛው ብቻ «እኔ ከሄድኩ ይይዛል» ብሎት ሄዷል። እኔም ጥጋብ ነው አልኩ። ገንዘብ ሲያልቅበት ይመለሳል አልኩ። ሦስተኛውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ሁሉ ሰው በሚያመሰግነው እጄ። እንዴት እንደሚተከል ላሳየው፣ ሲመለስ ቆመው እንዲጠብቁት።

በመስከረም ቅጠላቸው ጫፉ ላይ ተቃጠለ። ሁሉም። ያንን ስለ ሥሩ የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ነው፤ ችግኞቹ እግሬ ሥር እየሞቱ። ያኔውኑ ገብቶኛል። እጅ ቢሆን ኖሮ የእኔ እጅ ነበረ እኮ። ጮክ ብለው ያንብቡለት አልሽኝ፤ ለማን ላንብብ? ለአካፋው?

ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ። ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ አይጻፍም ተብለን ያደግን ነን። አንቺ ቆስለሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ፣ አንድ ጥሩ ወሬ ብዬ አለቀስኩ አልሽኝ። ሌላ ምንም የምሰጥሽ አልነበረኝምና ያንን ሰጠሁሽ። ግማሹ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ሀፍረት ነው። ልጄን አባርሬ፣ ቀጥሎም እሱ ያቃተውን አቅቶኝ፣ ይህንን ለሴት ልጄ መጻፍ ከበደኝ። የጥሩ ወሬዬ መንገድ በእሱ ጆሮ እንደሚያልፍ ከየት ይታወቀኝ። በደብዳቤ የላክሁትን ውሸት አንቺ እውነት አድርገሽ ሰጠሽው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ግንበኛው ቤት ሄድኩ። እነዚያን ሁለት ኮኮች እንዴት አድርገህ ተከልካቸው ብዬ ለመንኩት። ሰውየው ደነገጠ። «እኔ መች ተከልኩ፤ የተከላቸው ልጅህ ነው። ጉድጓዱንም የቆፈረው፣ ውሃም ሲያጠጣ የከረመው እሱ ነው። የምታውቅ መስሎኝ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ እያየሁ የሰውን እጅ ያደነቅኩት የልጄን እጅ ነበር። አልቅሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

አያትሽም ትዝ አለኝ። ዛፍ ሲቆርጥ ሥሩን በዶማ ሲያወጣ ይሰነብት ነበር፤ ለማገዶ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ዓመት ከዓመት ባቄላ ይዘራበታል፤ ባቄላ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። «ልጅ በእናቱ ቦታ» ያለውን ያዝኩ፤ በመካከል የሠራውን አልያዝኩም። ሥሩን ስንቅ ያልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ፤ ከእሱ አልሰማሁትም። ሲሠራ አብሬው ቆሜ አላየሁትም፤ ሲናገር ብቻ ነው የሰማሁት።

አሁን ሥሮቹን እያወጣሁ ነው። ክንድ የሚያክሉ አሉ። ግንበኛው ያግዘኛል። ቦቱ ከነወረቀቱ አልጋው ሥር ነው።

ሲደውልልሽ ንገሪው። አባትህም ተክሎ ደርቆበታል በዪው። ግንበኛው ቤት ያሉት ሁለቱ አብበዋል በዪው። ከዚህ በቀር የምጠይቅሽ የለም።

አባትሽ


ሚያዝያ 25

ይድረስ ለአባቴ፣

ሥሩን ሲያወጡ ወገብዎን ይጠንቀቁ። በአንድ ጊዜ ሁሉን አይበሉ፤ መሬቱ የትም አይሄድም።

አልወቅስዎትም ብዬ ልጽፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንዳለ ልጻፈው። እርስዎ ዋሹ፤ እኔ አደረስኩ። ማታ ማታ ስለ እርስዎ ከመናደዴ በፊት የራሴ ድምፅ ነው የሚሰማኝ፤ «ለምልመዋል፣ አንድም አልጎደለም» ስል። ደስ ብሎኝ ነበር ያልኩት። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ቢሰሙኝ።

የደወለበት ቁጥር በመጨረሻ ተነሣ። የአንድ ሱቅ ስልክ ነው። ባለሱቁ ረጅሙን ልጅ አስታወሰው፤ ፊት ለፊት በሚሠራው ፎቅ ላይ ብረት ይሸከም ነበር አለኝ። ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው አለኝ። ለእኔ በደወለ ማግስት ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄዷል። ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ሲሄድ የነገረው ነገር ካለ ብዬ ጠየቅኩት። ባለሱቁ ደጃፍ ላይ በቆርቆሮ የተተከለች አንዲት አበባ አለች፤ ውሃ ጠምቷት ደርቃ ስለነበር ልጁን አንድ ጣሳ ውሃ አፍስስላት ብሎት ነበር። «እኔ ባልነካት ይሻላል» አለኝ አለ፤ ውሃውን አምጥቶ ለባለሱቁ ሰጠው።

ይህንን ለእርስዎ መጻፍ አልነበረብኝም ይሆናል። ነገር ግን ከእንግዲህ ክፉም ቢሆን እንጻጻፍ አባባ። ጥሩ ወሬ ጠገብኩ።

ለባለሱቁ፣ ለፎቁ ዘበኛ፣ በስልክ ላገኘሁት ሁሉ ቁጥሬን ሰጥቻለሁ። ማሸጊያ ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እኔ ጓንቴ ውስጥ እይዘዋለሁ። አለቃዬ አይታኛለች፤ ለምን እንደሆነ ጓደኛዬ ስትነግራት እንዳላየች ሆና አለፈችኝ።

ባለፈው ሳልጨርስ ነው የዘጋው። እሱ ሰላምታ ጨርሶ፣ አንድ ነገር ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ የሚዘጋ ልጅ ነው፤ ለሌላ ነገር ጊዜ አይሰጠኝም። ስለዚህ ሃሎ ማለት ትቻለሁ። ማንም ይደውል፣ ስልኬን የማነሣው «እጅህ አይደለም፤ አፈሩ ነው» ብዬ ነው። የቤት አከራዬ ቋንቋችንን ስለማታውቅ ሁለት ጊዜ ግራ ገብቷት ዘግታብኛለች።

ልጅዎ